ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአራት ለዜሮ በኋላ

ደጀን ላይ ኳስ የምናየው ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ የሰፈር ልጅ፣ ተማሪ፣ ጤፍ ሸጦ የመጣ ገበሬ፣ የዓባይን በረሃ ለመውረድ ንጋትን የሚጠብቅ ሹፌርና ረዳቱ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ብሔራዊ ቡድናችን ሲሸነፍ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ ቤቱ በአንድ ቃል ይናጋል፤ ይባረር! ከዚያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ቃል ስልኩ ላይ ይጽፋል። እኔም ጽፌያለሁ፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ግን ስልክ ላይ አልነበረም። ወረቀት ላይ ነው፣ ከነፊርማዬ። 2005 ዓ.ም. ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጥቅምት 4 ቀን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሱዳን ላይ ሁለት ጎል አግብተው ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችበት ዓመት። ያን ማታ ደጀን አልተኛችም። መኪና ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ፣ እኛ አስፋልቱ ላይ እየዘለልን። ሁላችንም በአንድ ሌሊት ኳስ አዋቂ ሆንን። ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ የእኛ የሰፈር ቡድን ቢቸና ሄዶ አራት ለዜሮ ተሸነፈ። አሰልጣኛችን መምህራችን ነበሩ፤ ቲቸር ነው የምንላቸው። ደሞዝ የላቸውም፣ ኳሱን እንኳ ከኪሳቸው ነበር የሚገዙት። አይሱዙ ላይ ተጭነን ስንመለስ አንድ ልጅ ሐሳቡን አነሳ፣ ሌላው ወረቀት አወጣ፣ ደጀን ሳንገባ አስራ አራት ፊርማ ተሰበሰበ። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ቲቸር ወረቀቱን አንብበው ምንም አላሉም። በማግስቱ ኳሶቹን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ፊሽካውንም ላዩ ላይ አድርገው አስረከቡን።

ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተመሳሳዩን ነገር ሀገር ሲሠራው አየሁ። ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አሳልፎ፣ ለዓለም ዋንጫ ደግሞ እስከ መጨረሻው የናይጄሪያ ጨዋታ አድርሶ፣ ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ቻን ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳያገባ ተሸንፎ ሲመጣ ተሰናበተ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። እሱም ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ሳያሳልፍ ቀረና ተሰናበተ። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

የይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ሀገራችን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ አሰልጣኙ ማን ነበር ሲባል ግን ዲኤስቲቪ ቤታችን ውስጥ መልስ የሰጠኝ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ብቻ ነበሩ።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው፣ በእንቁጣጣሽ ቀን። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አዎ፣ ያ ጀርመን ሀገር ሄዶ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው ግጥም አዋቂና ዘፋኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው የተወለደ ልጅ ማሲንቆ ያነሳል ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም። ይድነቃቸው ግን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገብተው የያዙት ኳስ ነው።

1928 ዓ.ም. ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ይድነቃቸው ገና የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ከዚያ ቡድን ጋር ተጣበቁ። ቡድኑ በቅጡ ሳይቆም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይጫወት፣ አብሮ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ መጣ። ልጁ ይድነቃቸው በገዛ ከተማው በቆዳው ምክንያት ከሜዳ ሲገለል ምን እንደሚመስል ያየው ያኔ ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። 365 ጨዋታ አድርገው 318 ጎል አግብተዋል ይባላል። ቁጥሩ የዘመኑ ጎል አግቢዎች ሲሰሙት የሚያፍሩበት ነው። ግን እኔን የሚገርመኝ ከሜዳ ውጭ የሠሩት ነው። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ የሀገሪቱ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ የኳስ ሕግን ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ቀን ቀን ጎል እያገባህ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጨዋታው የሚዳኝበትን ሕግ በራስህ ቋንቋ እየጻፍክ። ያ የኳስ ሕግ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ተስተካክሎ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ የጻፉት ሰው እንግሊዛዊው ዳኛ ስታንሊ ራውስ ነበሩ። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ተመሠረተ። አራት ሀገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ። ከኢትዮጵያ በኩል የተቀመጡት ይድነቃቸው ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊጀመር ዕጣ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ደረሳት። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። የተቀሩት ሦስቱ ሀገሮች ደግሞ እንግዲያው አትምጪ አሏት። ከነጻነት ትግሉ መሪዎች ብዙዎቹ ገና ስማቸው ባልተሰማበት ጊዜ፣ አፓርታይድን ከበር የመለሰው አንድ የኳስ ማኅበር ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ የተነሳ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። እዚያ የጠበቃት ግብፅ ነው። አድ ዲባ የሚባለው አጥቂ ብቻውን አራቱንም ጎል አገባ። አራት ለዜሮ።

በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ሁለተኛው ውድድር ሆነ። ግብፅ፣ አሁንም አራት ለዜሮ። ሱዳን ደግሞ አንድ ለዜሮ። ሁለት አፍሪካ ዋንጫ፣ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ተቆጥሮብን እኛ ምንም አላገባንም። የዛሬ ልጆች በዚያ ዘመን ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ ምን እንደሚጽፉ መገመት አያቅተኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ካይሮ ላይ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱን ያገባብን ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ይባላል። ይህ ሰው በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ግብፅን ለ1990 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ አሳለፈ። ከዓለም ዋንጫው መልስ በወዳጅነት ጨዋታ በግሪክ ስድስት ለአንድ ተሸነፈና ተባረረ። ግብፆች በኋላ መልሰው ጠሩት፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካን ዋንጫ ይዞላቸው መጣ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ዋንጫውን በማንሳት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ግብፆችም እንደኛው ያባርራሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ መልሰው መጥራት መቻላቸው ይመስለኛል።

ወደ ይድነቃቸው ልመለስ። ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ሆነ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.። ቡድኑን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ከዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሴቪች ጋር ስማቸው አብሮ ይነሳል። አምበሉ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም አለ፣ ግርማ ተክሌ አለ፣ መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ በረኛው ጊላ ሚካኤል ነው። የአስመራ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር በአንድ ማሊያ። ከቱኒዚያ ጋር አራት ለሁለት አሸነፉ። ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ የገጠማቸው ያው ግብፅ ነው፣ ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር።

ይህንን ጨዋታ በቪዲዮ ማየት ብችል ምን እሰጥ እንደነበር አላውቅም። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ አንድ ለዜሮ። በቃ፣ ያው እንደተለመደው የሚባልበት ሰዓት። ግርማ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ገና ጮኾ ሳይጨርስ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ፣ ባዳዊ ለግብፅ ሁለተኛውን አገባ። እንዲህ ያለ ጎል ቡድን ይገድላል፤ ኳስ የተጫወተ ያውቀዋል። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ሁለት ለሁለት አደረጋት። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛውን።

አራት አገባን። በሁለት ውድድር ስምንት ጎል ላገባብን ሀገር።

ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ ሰጡት። አሰልጣኙም የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ድል ሲኖር ይኖር ነበር። ይድነቃቸው ግን ሌላ ግጥሚያ ጀመሩ፣ ያውም ከፊፋ ጋር። ያቆያችሁልኝን ሁለት ነገር አሁን አምጡ። የኳሱን ሕግ የጻፉት ሰር ስታንሊ ራውስ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አግዷት ነበር፤ ራውስ በ1955 ዓ.ም. እዚያ ድረስ ሄደው አይተው ሲመለሱ እገዳው ተነሳላት። ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም የሚል ነበር ክርክራቸው። በጣሊያን ዘመን በቆዳው ከሜዳ የተገለለ የአዲስ አበባ ልጅ ይህንን ክርክር እንዴት እንደሚሰማው አስቡት። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው አልተኙም፤ ቶኪዮ በተደረገው በ1957ቱ ጉባኤ ድምፅ አሰባስበው እገዳውን አስመለሱት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጠብ ነበር። ለ1966 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። ሦስት አህጉር፣ አንድ ወንበር። ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩት፤ የአፍሪካ ሀገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ቀላል ውሳኔ አይደለም። የዚያን ጊዜዋ ጋና በአፍሪካ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ተጫዋቾቿ ዓለም ዋንጫን ሳያዩ ዘመናቸው አለፈ። ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው። የተገኘው ግን ተገኘ፦ ለ1970ው ውድድር ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት፣ ሞሮኮ ሄደች። ዛሬ በዓለም ዋንጫ ስንት የአፍሪካ ቡድን እንደሚሰለፍ ስትቆጥሩ ቆጠራው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ፣ የፊፋ ምርጫ መጣ። ራውስ በአንድ ወገን፣ ብራዚላዊው ጆአኦ ሀቬላንጅ በሌላው። የአፍሪካ ድምፅ አብዛኛው ወደ ሀቬላንጅ ሄደ፤ በሁለተኛው ዙር 68 ለ52 አሸነፈ። እናም የኳስን ሕግ የጻፉት ሰው ከወንበራቸው ተነሱ። ከኋላ ሆነው ድምፁን ካሰባሰቡት አንዱ ያንን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰው ነበሩ። ስለ ማባረር ካወራን እንዲህ ያለውን ማባረር ልብ በሉ፤ በንዴት የተደረገ አይደለም፣ አስር ዓመት የፈጀ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ቀን ሽንፈት የመጣ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረራት።

ያ ሰኔ አዲስ አበባ ውስጥም የመባረር ወር ነበር። ሚኒስትሮችና መኳንንት አንድ በአንድ ይታሰሩ ነበር፣ ወሩ ሳያልቅ ደርግ ተቋቋመ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ዋንጫውን የሸለሙት ንጉሠ ነገሥት በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ዋንጫውን የተቀበለው ሉቺያኖም በኋላ ሀገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። ይድነቃቸው ግን ሀገራቸው እየኖሩ፣ አህጉሩን እየመሩ ቀጠሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ማድረግ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ሁሉም ነገራቸው ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። በአውሮፓ የሚጫወት አፍሪካዊ ለሀገሩ በአፍሪካ ዋንጫ ሲሰለፍ በአንድ ቡድን ከሁለት እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ ለረጅም ጊዜ ነበር፣ እሳቸውም ይደግፉት ነበር። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ልጆቻችን ተጠራርገው ይሄዱና ሜዳችን ባዶ ይቀራል ነው። ዞሮ ዞሮ ግን ልጆቹ ሄዱ፣ ደንቡም ተነሳ። የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ በአፍሪካ ኳስ ላይ አይለጠፍም ብለውም ነበር። እዚህ ላይ እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ፣ የእኛን ሊግ ማሊያ ያየ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። የሚገርመው ደግሞ ራሳቸው ደግፈው ያስመረጡት ሀቬላንጅ ነው ኳሱን ለትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው።

ብሔራዊ ቡድኑስ? በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ ላይ በተዘጋጀው ውድድር ከምድባችን ሦስቱንም አሸንፈን፣ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። በ1968 ዓ.ም. እንደገና እኛው አዘጋጅተን፣ ጀርመናዊው ፒተር ሽኒትገር እያሰለጠነን፣ ዩጋንዳን ሁለት ለዜሮ ብናሸንፍም ከምድብ አላለፍንም። ይድነቃቸው የአፍሪካ ኳስ አለቃ በሆኑባቸው 15 ዓመታት ሀገራቸው ዋንጫውን አንድም ጊዜ አላገኘችም። በ1974 ሊቢያ ደርሰን መጣን፣ ከዚያ 31 ዓመት ጨለማ። ለራሳቸው ቡድን ሲሉ ደንብ አላጣመሙም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ አፍሪካን ሲያስቡ ቤታቸውን ረስተዋል ማለት ነው። ሁለቱንም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

ካንሰር ያዛቸው። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ፤ ቀኑ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

እሳቸው የመሠረቱት ካፍ ዛሬ ስታዲየሞቻችሁ ደረጃቸውን አያሟሉም ብሎ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሀገር ለሀገር እየዞረ ሲያደርግ ስንት ጊዜ አየን። ካፍን አልወቅስም፤ ደንብ ደንብ ነው፣ ሰውየውም ቢኖሩ ይህንኑ ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ያማል። አሰልጣኝ በአሰልጣኝ ላይ ስንቀያይር የኖርንባቸው ዓመታት ሜዳ ለመሥራት ይበቁ ነበር።

የእኛ ቡድን ነገርስ አትሉኝም? ቲቸርን ካስወጣን በኋላ ሌላ አሰልጣኝ መጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ሞጣ ላይ አምስት ለአንድ ተሸነፍን፣ እሱም ሄደ። ከዚያ ኳስ የሚገዛ ጠፋና ቡድኑ ፈረሰ። ሜዳው ላይ አሁን የጤፍ ክምር ይቆማል።

ቲቸር ጡረታ ወጥተዋል። አልፎ አልፎ ዲኤስቲቪ ቤት ይመጣሉ፣ ከኋላ ከግድግዳው ጥግ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ያዛሉ። በቅርቡ ብሔራዊ ቡድኑ ሲመራ ቤቱ ያንን የተለመደ ቃል ጀመረ። እኔም ስልኬ ላይ ጽፌው ነበር፣ መላኩ ብቻ ነው የቀረኝ። ዞር ስል ያዩኛል። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ጠየቁኝ። ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።